ባዶዋን ክፍል ማን ያሞቃል

ዘጠነኛው ወር፣ 24

መምህርት ኖ ዛሬ ደብተር አደለችን። «እማማዎች፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ እጃችሁ ፊደሉን እንዳይረሳው» አለች። ፊደል እኔን ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ረስቶኝ ሲኖር ማንም አልተጨነቀም። ሟቹ ባሌ «ለላም መኖ የምትቀቅል ሴት ፊደል ምን ይሠራላታል?» ይል ነበር። ላሟ ሞተች። እሱም ሞተ። እኔ ይኸው እጽፋለሁ።

የዛሬው ነገር ይህ ነው። ትልቁ ልጄ ማንሶክ ከዴጉ ከተማ መጥቶ ከቤቴ ጎን ባለው የጎመን መደብ ላይ መሠረት አስቆፈረ። አዲስ ቤት ሊሠራልኝ ነው። ጎመኑ ገና አልጠቀለለም ነበር። «እማዬ፣ ጎመን እኮ ይገዛል» አለኝ። ለሱ የማይገዛ ነገር የለም።

አዲሱ ሲያልቅ አሮጌው ይፈርሳል። ይህን የነገረኝ ልጄ አይደለም፤ ቆፋሪው ነው።

ዘጠነኛው ወር፣ 27

ሥራ በዛ። ሰሊጥ ወቃሁ። ወገቤን አመመኝ። ሌላ የለም።

አሥረኛው ወር፣ 3

ማንሶክና ሚስቱ ሚኦክ መጥተው አደሩ። ከምሳ በኋላ ማንሶክ የቤቱን ፕላን ወረቀቶች ወለሉ ላይ ዘረጋጋ። አዲሱ ቤት በምን ይሙቅ የሚለው ከአሁኑ መወሰን አለበት አሉ፤ ወለሉ ከተለሰነ በኋላ መመለሻ የለውም።

«የናፍጣ ቦይለር ያለፈበት ነገር ነው» አለ ማንሶክ። «ይሄኛው ማሽን ከውጭው አየር ሙቀት ይስብና ውሃ ያሞቃል። ውሃው በወለሉ ሥር በቧንቧ ይዞራል። ቤቱ በሙሉ እኩል ይሞቃል።»

«እኩል ማለት?»

«እኩል ነዋ እማዬ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት።»

«ታችኛው ጥግስ?»

«ታችኛው ጥግ ብሎ ነገር የለም። ሁሉም ታችኛው ጥግ ነው በይው።»

«ሁሉም አለቃ የሆነበት ቤት አለቃ የለውም» አልኩት። ሳቀ። ሚኦክ አልሳቀችም። እሷ የሚያስቀውንና የማያስቀውን አትለይም።

አንዲት ክፍል ብቻ እንደ ድሮው በእንጨት የምትሞቅ ትሁን ብዬ ለመንኩት። ለመንኩት ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ለምኜዋለሁ። የእሳት አፍ ያላት፣ ወለሏ የድንጋይ ንጣፍ የሆነ፣ አንዲት ትንሽ ክፍል። «አኩሪ አተሩን ቀቅዬ፣ ጠፍጥፌ የት አሰጣዋለሁ? ሞቃት ወለል ይፈልጋል» አልኩት።

ሚኦክ «እማማ፣ የአኩሪ አተሩን ድልህ እኔ ከገበያ አመጣልዎታለሁ፣ እርስዎ አይልፉ» አለች።

ማንሶክ ደግሞ «ባለፈው ብርድ እንጨት ተሸክመሽ ወድቀሽ ጎረቤትሽ የኡልጂኗ ባታገኝሽ ኖሮ?» አለ። ከዚያ «እሳት የለም። አለቀ» ብሎ ወረቀቱን ጠቀለለ።

አባቱም እንዲሁ ነበር። የሚለው ሲያልቅበት አለቀ ይላል።

አሥረኛው ወር፣ 3፣ ማታ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ታችኛው ጥግ ስለሚባለው ነገር እጽፋለሁ። መምህርት ኖ የከተማ ልጅ ናት፤ ይህን አታውቅም።

የኔ ክፍል ወለል ከሥሩ ድንጋይ ነው። ከውጭ እሳት ሲነድ ጭሱ በድንጋዮቹ ሥር አልፎ በጓሮ ይወጣል። ከእሳቱ አፍ በላይ ያለው ጥግ፣ ታችኛው ጥግ የምንለው፣ ከሁሉ ይሞቃል። የኔማ ወለል ላይ የተለጠፈው ወረቀት እዚያ ጋ አርሮ ቡናማ ሆኗል። ሽማግሌ የሚተኛው እዚያ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው «ና እዚህ ግባ» የሚባለው እዚያ ነው። ብርድ ልብስ ሁልጊዜ እዚያ ታጥፎ ይቀመጣል፤ በብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ የሩዝ ሳህን ይኖራል።

ከቤቱ የራቀ ሰው ካለ የቤቱ ሴት የሱን ድርሻ ሩዝ ክዳን ባለው የናስ ሳህን ታደርግና እዚያ ትሸጉጠዋለች። አማቴ ለወንድሟ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ወንድሟ ከጦርነት አልተመለሰም። እኔም ማታ ማታ አደርገዋለሁ። ልማድ ነው። ልማድ ስለሆነ ብቻ ነው። ጠዋት ለውሻዬ ለኑሪ እሰጣታለሁ። ኑሪ በሰባት ዓመት ውስጥ በጣም ወፍራለች።

አሥረኛው ወር፣ 8

የማሽኑ ሻጭ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። የኡልጂኗ ጎረቤቴ ወሬ ሸትቷት ቀድማው ተቀምጣ ነበር። እሷ ከኡልጂን፣ እኔ ከዮንግጁ ተድረን ነው እዚህ መንደር የገባነው፤ ስማችንን የሚያውቅ የለም።

«አንቺ የዮንግጁዋ፣ ልጅሽ ማቀዝቀዣ ገልብጦ ቤት ሊያሞቅ ነው አሉ» አለችኝ።

ሻጩ «ልክ ነዎት እማማ፣ አሠራሩ እንደሱ ነው» ብሎ ተቅለሰለሰ። የኡልጂኗ ለመሳደብ ብላ የተናገረችው ልክ ሆኖ ስለተገኘ ተናደደች።

«ከውጭ አየር ሙቀት ይስባል ትላለህ» አልኩት። «በጥር ወር እዚህ ሸለቆ ውስጥ ምን ሙቀት አለና?»

«ከዜሮ በታች ሃያ ቢሆንም ሙቀት አለ፣ እማማ። እኛ አይታየንም እንጂ አለ። ማሽኑ ፈልጎ ያወጣዋል።»

«ይሄ ልጅ ሚስት አግብቷል?» አለች የኡልጂኗ። «ካላገባ የኔን የእህት ልጅ ስጡት። ከሷም ሙቀት ያወጣ እንደሆነ።»

ማንሶክ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ልጆቼ ትናንሽ ሳሉ ሁለቱም እንዲህ ነበር የሚስቁት።

ማሽኑ ተመረጠ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ ቀለሙን ነው።

አሥረኛው ወር፣ 9

ሌላ ክርክር። ማሽኑ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ ትልቅ ማራገቢያ አለው። ሻጩ ከአጥሩ በር አጠገብ እናቁመው አለ፤ ለቧንቧው ይቀርባል፣ ፀሐይም ያገኘዋል። አይሆንም አልኩ።

«ለምን እማዬ?»

«ይጮሃል።»

«ያን ያህል አይጮህም። እንደ ንብ ነው።»

«ኑሪ አትተኛም።»

«ለውሻ ብለን ነው ቤት የምንሠራው?»

ማንሶክ ሊቀጥል ሲል ሚኦክ ወደ አጥሩ በር አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። በሩ የዛገ ማጠፊያ አለው፤ ሲከፈት እንደ ዳክዬ ነው የሚጮኸው፤ ከኔ ክፍል ጋደም ብዬ እሰማዋለሁ። ማንሶክ ስንት ጊዜ ዘይት ልቀባው ሲል አስጥዬዋለሁ።

«ከኋላ ይሁን» አለች ሚኦክ።

ሻጩ ከኋላ በረዶ ይከመርበታል፣ ቧንቧውም ይረዝማል ብሎ ተከራከረ። «ከኋላ ይሁን ብያለሁ» አለችው። ከኋላ ሆነ።

ለምን እንዳገዘችኝ አልገባኝም። የሆነ ነገር ፈልጋ ይሆናል።

አሥረኛው ወር፣ 21

ውርጭ ወረደ። ግድግዳው ቆመ። እንጨት ነው፤ በመሐሉ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ጎስጉሰውበታል። አንድ ቀዳዳ እንኳ የለውም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭውን ምን ይሰማል?

አሥራ አንደኛው ወር፣ 5

ቧንቧዎቹን ዘረጉ። ወለሉ ላይ ነጭ ሰሌዳ አንጥፈው፣ በላዩ ቧንቧውን እያጠማዘዙ አሰሩት። ከበሩ ሆኜ አየሁ። ሦስት ክፍል ነው። ሳሎኑ ከነማብሰያው፣ የኔ ክፍል፣ በሰሜን በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍል።

«ትንሿ የማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዕቃ ማስቀመጫ ትሆናለች» አለ ማንሶክ።

«ለዕቃ ቧንቧ ዘረጋህለት?»

«ወለሉ አንድ ላይ ነው የሚለሰነው፤ ባዶ ከምንተወው ብዬ ነው። የቧንቧዋን መዝጊያ እንዘጋዋለን። ሰው የማይተኛበትን ክፍል ማሞቅ ኤሌክትሪክ መድፋት ነው።»

ሁለት ልጅ ነው የወለድኩት። ይህን አልተናገርኩም፤ እዚህ ብቻ ነው የጻፍኩት።

አሥራ አንደኛው ወር፣ 6

ሲሚንቶ አፈሰሱበት። አበቃ።

አሥራ አንደኛው ወር፣ 22

ኪምቺ ጣልን፤ ለብርዱ ወራት ጎመን በጨውና በበርበሬ አሽተን። የመንደሩ ሴቶች በኔ ግቢ ተሰበሰቡ። ጎመኑ በሙሉ የተገዛ ነው፤ የኔ መደብ ላይ ቤት ቆሟል። እጃችን እስከ ክርን በርበሬ ሆኖ ሳለ የኡልጂኗ ጀመረች። እሷ አፏ ሥራ ካልያዘ ያማታል።

«የወንድሜ ልጅ ወደብ ላይ ትንሹን ልጅሽን አየሁት ይላል። ጁኒልን። የዓሣ መኪና ይነዳል አለኝ። ከስቷል አለኝ።»

እኔ ቢላዋ ይዤ ነበር። «ከስቶ ከሆነ እሱ አይደለም» አልኩ። «ጁኒል ከሲታ ሆኖ አያውቅም።»

ትንሽ ጣቴን ቆረጥኩ። በርበሬው ገባበት። ሴቶቹ ያለቀስኩት በጣቴ ነው አሉ፤ ልክ ናቸው።

ማንሶክ የጎመን ቅርጫት ተሸክሞ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ቅርጫቱን አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ እስከ ማታ አልታየም።

አሥራ አንደኛው ወር፣ 22፣ ማታ

የጣቴ ሕመም አላስተኛ አለኝ፣ ልጻፍ።

ጁኒል ትንሹ ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ ዘግይቶ ደረሰ። መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ነው እንጂ ልቡ ዘግይቶ አይደለም። ማንሶክ በአጥሩ በር ላይ፣ ቀባሪ ሁሉ እያየ፣ «አንተ እዚህ ቤት የለህም» አለው። ጁኒል ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ዞሮ ሄደ። ሰባተኛው ብርድ ነው። የስልክ ቁጥሩንም ቀየረ።

እኔ ማጀት ነበርኩ። ሳህን አጥብ ነበር። ውሃው ይጮህ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። በኋላ ነው የነገሩኝ።

የኡልጂኗ ዛሬም ያንኑ አንስታ «የዚያን ሰሞን ብርድ ታስታውሳላችሁ? የመንደሩ ቧንቧ በሙሉ በውርጭ ደርቆ ለቀብሩ ሰው ማብሰያ ውሃ ከምንጭ በእንስራ ተሸክመን» አለች። እሷ ብዙ ታወራለች። የምታወራውን ሁሉ ልብ ማለት አይገባም።

ሆድ ይፍጀው።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 2

ማንሶክ በሥራ ቀን ብቻውን መጣ። ዓሣ ይዟል። ባለ ብዙ እግሩ ስኩዊድና ሌላም።

«ከየት ነው?» አልኩት።

«ከሱፐርማርኬት።»

ጫማው ላይ አሸዋ ነበር። ዓሣውም በገለባ ገመድ የታሰረ ነው። ዓሣ በገለባ ገመድ አስሮ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ዴጉ ውስጥ ካለ ጥሩ ነው። ማታ ሚኦክ ደውላ «እማማ፣ ማንሶክ እርስዎ ጋ ነው? ሥራ ቦታ የለም አሉኝ» አለች። እዚህ ነው አልኳት። ዓሣውን ስንበላ አጥንቱን እየለቀመ በኔ ሳህን ላይ ሥጋውን ብቻ አደረገልኝ። እንዲህ ያደርግ የነበረው ጁኒል ነው።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 14

ገባን። ገባሁ ማለት ነው፤ እነሱማ ወደ ዴጉ ተመለሱ። የኡልጂኗ የገላ ሳሙናና ትልቅ ጥቅል ሶፍት ይዛ መጣች፤ ቤትሽ እንደ አረፋ ይብዛ፣ ነገርሽ እንደ ወረቀቱ ይፈታ እንደሚባለው። ወለሉ ላይ በእጇ ዳሰሰች።

«ለብ ያለ ነው» አለች። «እንደ ታመመ ሰው ግንባር።»

አዲሱን ቤት ስትሰድብልኝ ደስ አለኝ።

የትም ጥግ ሄጄ በእግሬ ሞከርኩ። በየትም ያው ነው። ሩዙን የት ላድርገው? ብርድ ልብሱን አራት አጥፌ አልጋው ሥር አኖርኩት፣ ሳህኑን ከሥሩ። ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁት።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 18

ኤክስካቫተር መጣ። አሮጌው ቤት እስከ ምሳ እንኳ አልቆየም። አርባ ሰባት ዓመት የነደደበት የእሳት አፍ በአንድ ማንኪያ ተነሳ። ከሥር ያሉት ድንጋዮች ጥቁር ናቸው፤ ያብለጨልጫሉ። አንዱን ድንጋይ ለዩልኝ አልኩ። ሹፌሩ «ለምን ይሆንዎታል እማማ?» አለኝ። ኪምቺ ላይ ለመጫን ነው አልኩት።

የአጥሩ በር ግን ቀረ። በር አይነካም ብዬ ቆምኩበት። ቤት ሲጠፋ በር ከኖረ ሰው ቦታውን አይስትም። ጎብኚ ማለቴ ነው። ፖስተኛውም አለ።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 21

እኔ ከቤት ስወጣ ማሞቂያ አጠፋለሁ። ይህን የማታደርግ ሴት የቤት ሴት አይደለችም። አማቴ የነደደ እንጨት እንኳ አውጥታ በአመድ ትቀብር ነበር፣ ለማታ። በአሮጌው ቤት ለሌላኛው ክፍል የናፍጣ ቦይለር የገባ ጊዜም ጠዋት ወደ አዛውንቶች አዳራሽ ስሄድ አጠፋለሁ፣ ማታ ስመለስ አበራለሁ፤ ሩዝ እስኪበስል ወለሉ ይግላል። ይኼንን አዲሱንም ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያው ሳደርገው ነበር። ማታ አበራዋለሁ፣ አይሞቅም። ስተኛ ብርድ ነው፣ ስነሳ ብርድ ነው። ሁለት ካልሲ፣ ሦስት ሹራብ።

በልቤ ደስ ብሎኛል። የማይረባ መሆኑን ተናግሬ ነበር። ማንሶክ ሲመጣ አንድ ቃል አልናገርም፤ እጁን ወስጄ ወለሉ ላይ አደርጋለሁ።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 22

ዛሬ ከዓመቱ ሁሉ ሌሊቱ የሚረዝምበት ቀን ነው። የቀይ አደንጓሬ አጥሚት ሠራሁ። እነ ማንሶክ መጡ። እጁን መውሰድ አላስፈለገኝም፤ በሩን ሲከፍት ትንፋሹ ጭስ ሆኖ ወጣ።

«እማዬ፣ ምን አድርገሽው ነው? ስልኬ ላይ ማሞቂያው ጠዋት ይጠፋል፣ ማታ ይበራል፤ ተበላሸ ብዬ ሰው ልልክ ነበር እኮ።»

«ስልክህ ይሰልለኛል ማለት ነው።»

«ለምን ታጠፊዋለሽ?»

«ባዶ ቤት ለማን አሞቃለሁ?»

«ይኸው በብርድ ልትሞቺ ነው ያንን ብለሽ። እንግዲህ የሰፈሩ ሰው እናቱን አዲስ ቤት ሠርቶ ገደላት ይበለኝ።»

«የሰፈሩ ሰው ከዚህ የበለጠ ብሎህ ያውቃል» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ውጭ ወጣ። በረዶ መጥረግ ጀመረ፤ በረዶ ያልነበረበትን ቦታ ሁሉ ጠረገ። ምላሴን በነከስኩት ይሻል ነበር። ግን ምላሴ ታስሮ ኖሮ ነው አሁን እንዲህ የሆነው።

ሚኦክ ካፖርቷን እንደለበሰች አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጥሚቷን በሁለት እጇ ይዛ።

«እማማ፣ ይሄ እንደ እሳት አይደለም» አለችኝ። «ሰው ሲመጣ አይለኮስም። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ሲሚንቶው ወፍራም ነው። ቀንና ሌሊት ትንሽ በትንሽ ሲጠጣ ነው የሚሞቀው። አንዴ ከቀዘቀዘ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሞቆ መቆየት አለበት።»

«ባይመጣስ?»

አጥሚቱን ጠጣች። «ባይመጣም» አለች።

ስለ ማሽኑ ነው የነገረችኝ።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 25

ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አላጠፋሁም። ስወጣ እጄ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል፤ እንደ ሌባ እጅ ደብቄው እወጣለሁ። ዛሬ ከአዳራሹ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ወለሉን ስረግጥ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ የዋለ መሰለኝ። ሩቅ አገር ሄጄ የመጣሁ ይመስል።

ለኡልጂኗ አልነግራትም።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 28

የሩዙ ሳህን ዛሬ ጠዋት ለብ ብሎ ነበር። አልጋለም። ለብ ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ወር፣ 4

ትንሿ ክፍል በሯ ዝግ ነው። በሥሯ ብርድ ይወጣል፤ እግሬን ይነካኛል ስመላለስ። ውስጧ የማንሶክ ሳጥኖችና የተጠቀለለ ምንጣፍ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ከበረደ የቀረው ቤት ሁሉ ያንን ብርድ እንደሚያውቅ ልብ አላልኩም ነበር።

የመጀመሪያው ወር፣ 9

በረዶ። አዳራሽ አልሄድኩም። ከሳህን ማጠቢያው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈትኩ። ቧንቧዎቹ የሚከፋፈሉት እዚያ ነው። ሦስት መዝጊያ አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሚኦክ ጽሕፈት ነው፤ ትልልቅ አድርጋ፣ ለኔ እንዲነበብ። አንድ በአንድ ጣቴን አስከትዬ አነበብኩ። ሳሎን። የእማማ ክፍል። ዕቃ ቤት።

ፊደል ባልማር ኖሮ ይሄ ሳጥን ለኔ ብረት ብቻ ነበር። መምህርት ኖን አሽሟጥጬ ነበር፣ ይቅር ትበለኝ።

ሦስተኛው ተጠምዝዞ ተዘግቷል። ጠንካራ ነው፤ በጨርቅ ይዤ አዞርኩት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ውሃው ሲሄድ ሰማሁት። ቀስ ብሎ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው።

ከዚህ ደብተር መጨረሻ ቁራጭ ወረቀት ቀደድኩ። ጻፍኩበት። ይህን ስም ብዙ ጊዜ በልቤ ጽፌዋለሁ፣ በእጄ ግን ከዚህ ደብተር ውጭ ጽፌው አላውቅም። የመጨረሻው ፊደል ጠመመብኝ። በሩዝ ሙጫ «ዕቃ ቤት» በሚለው ላይ ለጠፍኩት።

የመጀመሪያው ወር፣ 10

ስልክ። ማንሶክ ነው። መኪና ውስጥ ነበር፤ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ፣ ትንሿ ክፍል ተከፍታለች ይለኛል ስልኬ።»

«ተከፍታለች።»

«ማን አለ እዚያ?»

«ማንም የለም።»

ኤሌክትሪክ ስለ መድፋት እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው። የምመልስለትንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ክፉ መልስ ነው።

«በሰሜን በኩል ናት» አለ በመጨረሻ። «ከሌላው ትዘገያለች። ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሦስት ትፈልጋለች።»

«ትፈልግ።»

«አትዝጊያት ታዲያ። አንዴ ከተከፈተች አትዝጊያት።»

የመጀመሪያው ወር፣ 13

ሞቀች።

የመጀመሪያው ወር፣ 28፣ የጨረቃው ዓመት መለወጫ ዋዜማ

እነ ማንሶክ ለሞቱት አያቶች መታሰቢያ ማዕድ መጡ። ሚኦክ ከኔ ጋር የሩዝ ቂጣ ስትቆራርጥ ዋለች፤ አቆራረጧ አሁንም ወፍራም ነው፣ ግን አልተናገርኳትም። ማንሶክ የማሞቂያውን ውሃ ሊቀንስ ብሎ የማጠቢያውን ሥር ሳጥን ከፈተ። ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜ ነበር። ቧንቧውን አልከፈትኩም። ምንም የሚጮህ ነገር አልነበረም።

ሳጥኑን ዘጋ። ሄዶ የትንሿን ክፍል በር ከፈተ። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ውጭው መጋዘን ማውጣት ጀመረ።

«በውርጭ ይበላሽብሃል» አልኩት።

«ይበላሽ» አለ።

ምንጣፉንም አወጣ። ከዚያ ወለሉን በጨርቅ ወለወለ፣ ተንበርክኮ፣ ልጅ ሳለ አስወለውለው እንደነበረው። ሲጨርስ መዳፉን ዘርግቶ ወለሉ ላይ አሳረፈና እንደዚያው ቆየ።

ማታ ራት በላን። ማንሶክ የናሱን ሳህን ከመደርደሪያው አውርዶ ራሱ ሩዝ ሞላበት። ክዳኑን ገጠመ። ይህን ሳህን አይቶት እንደማያውቅ ነበር የማስበው።

«የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ።

«ድሮ ታችኛው ጥግ ነበር» አልኩት። «አሁን ሁሉም እኩል ነው ብለህ።»

«እንግዲያ በሩ አጠገብ ይሁን» አለ። «ሲገባ እንዳያጣው።»

ይዞት ወደ ትንሿ ክፍል ገባ። ብርድ ልብሱን ሚኦክ አጥፋ ሰጠችው። እኔ ከበሩ ቆሜ አየሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የአጥሩ በር ጮኸ። ማንሶክ ከሳሎን፣ እኔ ከዚህ፣ ሁለታችንም ተነሳን። ሚኦክ መብራቱን አበራች። ነፋስ ነው። በሩ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ኑሪም ጭራዋን እየቆላች በበረዶው ላይ ቆማለች።

ማንሶክ ሄዶ በሩን ገጠመው። አልቆለፈውም።